ቃሬዛ የሌላቸው

አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። ግድግዳው ላይ «ሁሉንም በእኩል እናገለግላለን» የሚል ቃል በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። በሩ ላይ ቆማ ተራ የምታስይዘው ሲስተር ይታይሽ የምትባል ነርስ ናት። ቃሉን ከልቧ ታምንበታለች፤ ለዘመድ አታዳላም፣ ባለሥልጣን አትፈራም። ሕጓ አንድ ነበር፤ በቃሬዛ የመጣ ይቀድማል፣ በእግሩ የመጣ ይጠብቃል። ሰው ካልባሰበት መቼም በሰው ትከሻ አይመጣም ብላ ነው፤ ማን ይፈርድባታል?

በአንድ የገበያ ቀን፣ እማማ ደብሬ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እያረፉ መጡና ከግቢው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ወዲያው አቶ ገሠሠ የሚባሉ ባለጠጋ በቃሬዛ ደረሱ። የሠርግ ሥጋ ሆዳቸውን ነፍቶት፣ ሲያቃስቱ አገር ይሰማል። ተሸካሚው ጎረቤት፣ አጃቢው ዘመድ፣ ግቢው ጢም አለ። ሲስተር ይታይሽ ፈጥና አስገባቻቸው። ቀጥሎ እግሩን ወለም ያለው ጎረምሳ መጣ፤ እሱም በቃሬዛ ነውና ገባ።

«እማማ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አለች ከበሩ ሆና።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ያገራችን ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ ደህና ነኝ ማለቱን አይተውም።

ቀትር ላይ የእማማ ደብሬ ምርኩዝ ከእጃቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። ሲስተር ይታይሽ ልታነሣላቸው ብትጠጋ እጃቸው እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ውይ በሞትኩት! እንዲህ ታመው በእግርዎ? ምነው የሚሸከም ሰው ቢፈልጉ?»

«ማን አለኝ ብለሽ ልጄ? ሰው ያለው በሰው ይመጣል፤ ሰው የሌለው ራሱን ተሸክሞ ይመጣል» አሉ፣ እንዳይከፋት ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

ሲስተር ይታይሽ እንባዋ መጣ። በሩ ላይ ቆማ ስትለካ የኖረችው ለካ የዘመድን ብዛት ኖሯል! «ቃሬዛውን አምጡልኝ!» ብላ ጮኸች። የአቶ ገሠሠ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ግን እማማ ደብሬን አንሥተው አስገቧቸው። ሐኪሙ ሳንባቸው መታመሙን አይቶ መድኃኒት ጀመረላቸው።

«ጥቂት ቢቆዩ ኖሮ አናተርፋቸውም ነበር» አላት።

አቶ ገሠሠ ሆዳቸው ቀለል ብሏቸው ሲወጡ «ቃሬዛዬስ?» አሉ። የሆነውን ነገረቻቸው።

«እንግዲያ እዚሁ ይቆይ፤ ሲሻላቸው ሰዎቼ ቤታቸው ያድርሷቸው። እኔ እግር አለኝ» ብለው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መንገድ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ሲስተር ይታይሽ በሩ ላይ ቆማ አትጠብቅም። ማለዳ ወደ ዋርካው ትወርዳለች፤ የእያንዳንዱን ግንባር ትዳስሳለች፤ ደህና ነኝ ያላትንም ደግማ ትጠይቃለች።

ወገኖቼ፣ በር መክፈት መልካም ነው። ግን የሚያደርሰው ሰው የሌለውን ወጥቶ የሚያይ ከሌለ፣ የተከፈተው በር የባለ ዘመድ ብቻ ይሆናል። በእኛስ ደጅ «ደህና ነኝ» ስላለን ብቻ የረሳነው ማን ይሆን?