መሐንዲሱ አሜን ያለበት እሑድ

በእኛ ሰፈር ስለ ውጭ አገር ደመወዝ ወሬው ሲደምቅ፣ ከአዛውንቶቹ አንዱ ጣልቃ ገብቶ አንዲት አባባል ጣል ያደርግና ወሬው ቀጥ ይላል። እንግዳ ሰው ቅናት ይመስለዋል። ቅናት አይደለም፤ መነሻ አለው። መነሻውም የአቶ ምትኩ ልጅ ሞላልኝ ነው።

ሞላልኝ የመንገድ መሐንዲስ ነበር። ዓረብ አገር ተቀጥሮ ከሄደ ወዲህ ስሙ ያለ ደመወዙ ተነስቶ አያውቅም። አባቱ እድር ላይ ተቀምጠው፣ እዚሁ መንገድ ሥራ ቢሮ ያለውን አብሮ አደጉን በላቸውን እያዩ፣ "አንተ በዓመት የምታገኘውን የኔ ልጅ በወር ያፍሰዋል" ይሉ ነበር። በላቸው ምስኪን ፈገግ ይላል።

አንድ ክረምት ሞላልኝ ለእረፍት መጣ። ከስቷል፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ጥቂት ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሰፈሩ ሰው "እንኳን ደህና መጣህ" ሊል ጎረፈ። የገባው ሁሉ ስሞ ሳይጨርስ ጥያቄው አንድ ነው፤ "ለመሆኑ አሁን ስንት ደረሰልህ?"

በላቸው ኋላ እያለቀሰ እንደነገረን፣ አንድ ቀን ሞላልኝ ነጠል አድርጎት፣ "እናንተ ቢሮ ክፍት ቦታ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?" አለው።

"አለ። ላንተ ግን አይሆንም፤ ደመወዙን ብነግርህ ትስቃለህ።"

"አልስቅም። የምኖረው እንደ ምጣድ በሚግል የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው፤ በበዓል ቀን እንኳ አያሳርፉኝም። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል ብሎኛል። መቅረት እፈልጋለሁ በላቸው፤ የጨነቀኝ ለአባባ እንዴት እንደምነግራቸው ነው።"

አባት ግን የዋዛ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸው ሊናገር የፈለገው ነገር እንዳለ ከፊቱ አንብበዋል። አፉን ከመክፈቱ በፊት ጠላ አስጠምቀው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌ ሰብስበው የመሸኛ ምርቃት አዘጋጁ። በእኛ ዘንድ የሽማግሌ ምርቃት አይቋረጥም፤ አሜን ያሉትን ማፍረስም ነውር ነው፣ እርግማን ይጠራል።

"አባባ፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርዎት" አለ ሞላልኝ።

"ከምርቃቱ በኋላ ትነግረኛለህ፤ ተንበርከክ!"

ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ "በሰላም ሂድ፣ በሰላም ግባ! እንጀራህን ያስፋልህ! በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ!" አሉ። እኛ ጠላችንን ይዘን አሜን አልን። እሱም ወለል ወለሉን እያየ፣ ቀስ ብሎ "አሜን" አለ።

"እህ፣ ምን ልትለኝ ነበር?" አሉት አባቱ።

"ረሳሁት" አላቸው። በሳምንቱ ሄደ።

የካቲት ላይ በሬሳ ሣጥን መጣ። አስከሬኑን አጅቦ የመጣው ባልደረባው ድንኳኑ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ፣ "እንደተኛ ቀረ፤ በማግስቱም ሥራ ነበረበት" አለን። አቶ ምትኩ ደረታቸውን እየደቁ፣ "ልጄ፣ ምነው ደክሞኛል ብትለኝ!" ይላሉ። በላቸው ይህን እየሰማ ጥግ ይዞ ያነባል። እውነቱን ተናግሮ በቁስላቸው ላይ እንጨት ይስደድባቸው?

ይህ ሁሉ እየሆነ፣ አንዱ የማያፍር ወደ ባልደረባው ጠጋ ብሎ፣ "ለመሆኑ ደመወዙ በመጨረሻ ስንት ደርሶ ነበር?" አይለውም!

ሞላልኝን ክርስትና ያነሱት እትዬ ማንጠግቦሽ ጥግ ከተቀመጡበት ቀና ብለው ሁላችንንም በየተራ አዩን፤ "እኔም ብሆን ክረምት ሲመጣ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው" አሉና፣ ያዘቀዘቁትን ነጠላ ወደ ዓይናቸው እየሳቡ፣ "አይ ልጄ፣ ደመወዝ ጠያቂ መቶ፣ ኑሮ ጠያቂ ጠፍቶ!" አሉ።