የአያ ጅቦ ጮማ ጎማ

አንድ ጊዜ፣ አንድ እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ግቢውን ለአያ ጅቦ አደራ ሰጥቶ ሄደ። ለጅብ የተሰጠ አደራ ምን እንደሚሆን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። በጎቹ አለቁ፤ ዶሮዎቹ አለቁ፤ በሩ የታሰረበት ጠፍር ሳይቀር ተበላ። በመጨረሻ አንዲት አሮጌ የስፖርት መኪና ብቻ ቀረች። ዝቅ ያለች፣ ጣሪያ የሌላት፣ ባለ ሁለት ወንበር ናት። ቸርኬዋ እንደ ብስክሌት በሽቦ የተወጠረ፣ ጎማዋም ቀጭን ነው። አያ ጅቦ የአንዱን ወንበር ቆዳ በላና በሌላው ላይ ተቀምጦ መንዳት ተማረ።

ወሬው ለአያ አንበሶ ደረሰ። አንበሳ ልጁን ሊድር ሽር ጉድ ይል ነበርና ጅብን አስጠራው።

«ሙሽራውን በዚያች መኪና ከዋሻችን እስከ ዳሱ ታደርስልኛለህ። በደኅና ካደረስክ ከፍሪዳው አንድ ታፋ ያንተ ነው።»

«ሙሉ ታፋ፣ ጌታዬ?»

«ሙሉ ታፋ።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከታፋው ሌላ የሚታየው ነገር አልነበረም።

የመኪናዋ ጎማዎች ግን ከፀሐዩ ብዛት ተሰነጣጥቀው ነበር። በእነሱ ሙሽራ መጫን አይቻልም። ስለዚህ ጅብ መንገድ ዳር ወዳለው የቀበሮ ጎማ ቤት ሄደ፤ ገና ሲገባም ስለ ታፋው ነገረው። ቀበሮ በመጀመሪያ ለመኪናዋ ልክ የሆኑትን ቀጫጭን ጎማዎች አወጣለት።

«ምንድን ናቸው እነዚህ? ድርቅ የመታቸው ጥጆች ይመስላሉ!» አለ ጅብ።

ጅብ በዕድሜው መምረጥ የሚያውቀው ሠንጋ ብቻ ነው። ስለዚህ እየዞረ ጎማውን ሁሉ እንደ ሠንጋ ይዳብስ ጀመር። ጎኑን በመዳፉ ይጫናል፤ ጀርባውን ያሻል፤ ያሸታል። ከጥግ የተደረደሩ አራት ወፋፍራም የጭነት መኪና ጎማዎች ዘንድ ሲደርስ ቆመ። እነዚህ ጎማዎች የሚገዛቸው ጠፍቶ አቧራ ጠጥተው ነበር።

«አያ ጅቦ፣ እጅዎ ያውቃል!» አለ ቀበሮ ዓይኑ በርቶ። «ሻኛውን አዩት?»

«አየሁት። ጮማ ነው። ግን በእኔ ቸርኬ ላይ ይገባል?»

«ሰፊ ቸርኬ እጨምርልዎታለሁ። ደግሞስ ታፋ የሚቀበል ሰው በጥጃ ጎማ ይሄዳል?»

«አይሄድም!»

«ዋጋውም አያጣላንም። የታፋውን ግማሽ ይሰጡኛል።»

ጅብ ትንሽ አንገራገረ። ጎማውን አንድ ጊዜ ደግሞ ዳበሰና ተስማማ።

ይህን ሁሉ እመት አህያ ከቁልቋሉ አጥር ማዶ ሆና ትሰማ ነበር። ከጅብ ጋር ስትነጋገር ሁልጊዜ አጥር መሃል ታደርጋለች። ጥሩ ልማድ ነው።

«አያ ጅቦ፣ አይቆጡኝና ይህ ጎማ የመኪናዋ ልክ አይደለም» አለች። «እኔን አንድ ጊዜ የበቅሎ ኮርቻ ጭነውኝ ነበር። ያየ ሁሉ አደነቀኝ፤ ጀርባዬ ግን ተልጦ ሰነበተ። ይህም ጎማ መሪ ሲያዞሩ ከመኪናዋ ገላ ጋር ይያያዛል። አልታጠፍም ትልዎታለች።»

ጅብ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። «ወፈር ብለሻል፣ እመት አህያ። እስቲ ቀረብ በይና በደንብ አስረጂኝ።»

«ከዚህም ይሰማል» አለች አህያ።

ጎማዎቹ ሲገጠሙ ከላይ የሚሸፍናቸው ፓራፋንጎ ጠበባቸው። ቀበሮ ራሱን አከከ።

«ጥርስ ለመቼ ነው?» አለ ጅብ። የአራቱንም ፓራፋንጎ ጠርዝ ቆርጥሞ ቆርጥሞ ጣለው፤ ጥቂቱንም ዋጠው። ጎማዎቹ ገቡ። ያች ዝቅ ያለች መኪና በሰጎን እግር የቆመች ዶሮ መሰለች። ከጎማ ቤቱ እስከ አንበሳ ዋሻ መንገዱ ቀጥ ያለ ነበርና፣ ጅብ ምንም ሳይሆን ደረሰ።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራው ካባውን ደርቦ፣ ቆዳው በተበላው ወንበር ላይ ድርቆሽ ተነጥፎለት ተቀመጠ። ቁልቁለቱን ጀመሩት። የፍጥነት ቆጣሪው የተሠራው ለቀጫጭኖቹ ጎማዎች ስለሆነ፣ በትልልቆቹ ላይ አሳንሶ ይቆጥር ነበር።

«አያ ጅቦ፣ አልፈጠንንም?» አለ ሙሽራው ካባውን ጨብጦ።

«ኧረ እያዘገምን ነው! ቆጣሪውን እየው፣ ልጄ።»

ዛፎቹ በግራና በቀኝ ሽው ይሉ ነበር። ከረግረጉ በላይ ያለው ጠመዝማዛ ሲደርስ ጅብ መሪውን አዞረ። ጎማው ትንሽ ዞሮ ከቀረው ብረት ጋር ተያያዘና ቀጥ አለ።

«ታጠፊ! ኧረ ታጠፊ፣ እናቴ!»

አልታጠፈችም። ሙሽራውን እንደያዘች ረግረጉ ውስጥ ገባች።

ሙሽራው በእግሩ ዳሱ ሲደርስ እስከ ጎፈሩ ጭቃ ነበር። የሙሽራዪቱ አባት ጎሽ መስሎት ሊጥለው ተነሣ፤ በስንት ጩኸት ገላገሏቸው።

አንበሳ ጅብን ፊቱ አቆመው። «በደኅና አድርስ ብዬህ አልነበረም?»

«ጌታዬ፣ ጎማው እኮ ምርጥ ነበር! ሻኛ ያለው ጮማ! ቀበሮ ምስክሬ ነው። ከታፋዬ ግማሹን የቆረስኩለት ለዚህ አይደል?»

ቀበሮ ድርሻውን ሊቀበል ቢላዋ ስሎ ከዳሱ በር ቆሞ ነበር። ቢላዋውን ከኋላው ደበቀ።

«ጮማ ነው?» አለ አንበሳ።

«እንደ... እንደ አስተያየቱ ነው፣ ጌታዬ።»

«መልካም። እንግዲያ ጮማውን ከረግረግ አውጡና ስጧቸው። ውላቸው እኩል ነው፤ ሁለት ሁለት ይድረሳቸው።»

እንግዳው ሁሉ ሥጋውን ሲቆርጥ፣ ለእመት አህያም እሸት ሲቀርብላት፣ ሁለቱ ከዳሱ ጥግ ጎማቸውን ታቅፈው ተቀመጡ። ቀበሮ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንኳ መዋጥ አቃተው። ጅብ ግን አንዱን ጎማ አጋምሶ ቀና አለ።

«ትንሽ ጠንከር ይላል እንጂ» አለ፣ «ምርጫዬስ ምርጫ ነበር።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለነገሩ የሚመጥነውን ትተን ለዓይናችን የሞላውን ከመረጥን፣ ኋላ የመረጥነውን ማኘክ እንደማይቀርልን ነው።