የኬላው ገመድና የአደራው ስፌት

አንድ ሹፌር ነበረ። ባለተሳቢ መኪና እየነዳ ከድንበር ከተማ ወደ መሀል አገር ስኳር ያመላልሳል። ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ በየማለዳው ሸሚዙን ሳይቀይር መሪ የማይጨብጥ ሰው ነው። ኩሩ ነው ይሉታል። ይበሉት። ኩራት መሠረት ካለው ሌላ ስም አለው፤ እሱን ሲደርስ እነግርሃለሁ።

አንተ ደሳለው፣ የወንድሜ ልጅ፣ ዛሬ የፈታሽ ደንብ ልብስህን ለብሰህ መጣህ። በሬ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ደጃፍ ላይ ቆመህ «ቤቶች» አልክ፤ «ግባ» እስክልህም ጠበቅህ። ገብተህ ሳትቀመጥ ደግሞ «እቴቴ፣ ሹፌሮቹ ያማርራሉ አሉ። ንጹሕ ሰው ቢፈተሽ ምን ይጎድልበታል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። መልሱ ይህ ሹፌር ነው። ኮፍያህን አውልቅና ስማ።

በዚያ መስመር ፖስታ አይደርስም። ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ ሰው ለአገሩ የሚልከውን በሹፌር እጅ ይልካል። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ላኪው ዕቃውን በጨርቅ ይጠቀልልና ዙሪያውን በመርፌ ይሰፋዋል፣ የክሩንም ጫፍ ቤተሰቡ በሚያውቀው አኳኋን ይቋጥረዋል። ተቀባዩ ጥቅሉን ሲረከብ አስቀድሞ የሚያየው ስፌቱን ነው። ስፌቱ ካልተነካ ሹፌሩን ቆሞ ይመርቃል። ከተነካ አይሳደብም፣ አይከስም። ብቻ ያ ሹፌር ከዚያ ቀን ወዲያ ባዶ ጋቢና ይዞ ይመላለሳል፤ ሞቶ እንኳ ቢቀበር ሰው ስሙን የሚያነሳው ከዚያ ክር ጋር ነው።

ሹፌራችን ሃያ ሁለት ዓመት አደራ አመላልሷል። ምን እንደሚሸከም ጠይቆ አያውቅም። የሚጠይቀው ለማን እንደሆነና እርጥብ ነገር እንዳለበት ብቻ ነው። ከዚያ ጋቢናው ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋው ራስጌ ያኖረዋል። ያቺ ጋቢና መኝታው ናት፣ መጸለያው ናት፣ ሚስቱ የሞተች ጊዜ ያለቀሰባትም ናት። ቤት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ከድንበሩ የሁለት ሰዓት መንገድ ገባ ብሎ አንድ ኬላ አለ። መንገዱን አቋርጦ ገመድ ተወጥሮበታል። ኮንትሮባንድ እንዳያልፍ ነው፤ ሥራው አይነቀፍም፣ አገር በር ያስፈልጋታል። የዚያ ኬላ ፈታሾች ግን የአገርን በር ከሰው ጓዳ መለየት ትተው ነበር። በዚያው ዓመት የአንድ ሌላ ሹፌር ቦርሳ አስፋልቱ ላይ ገለበጡ፣ መድኃኒቱ ተበተነ። ኮንትሮባንድ አልተገኘበትም፤ በሽታው ግን ተገኘበት። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ የኪኒኑን ብልቃጥ አነበበ። ፈታሾቹ «ነጻ ነህ፣ እለፍ» አሉት። አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ መስመር አልታየም። ንጹሕ ነበረ እኮ፣ ደሳለው። እንዳንተ አነጋገር ምንም አልጎደለበትም።

ታዲያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሹፌራችን ከገመዱ ሥር ደረሰ። ሳይጠየቅ ወረደና የጭነቱን ሸራ በራሱ እጅ ፈታ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን ከፈተ፣ ወረቀቶቹን ዘረጋ። ጆንያዎቹን በዘንግ እየወጉ ፈተሹ። ስኳር ነው። ጎማውን መቱ፣ ከሥሩም ገብተው አዩ። ምንም የለም። በዚህ ጊዜ አንዱ ፈታሽ ሳይጠይቅ ከነጫማው ጋቢናው ላይ ወጣ፣ አልጋውን ረግጦ ራስጌውን በረበረ። በሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ በቀይ ክር የተሰፋ ነገር አንጠልጥሎ ወረደ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«አደራ ነው» አለ ሹፌሩ።

«ውስጡን ነው የጠየቅኩህ።»

«ውስጡን እኔም አልጠየቅኩ።»

የቆመው ሁሉ ሳቀ። «አብሮት እያደረ ምን እንደሆነ አያውቅም» አለ ፈታሹ። ሎሚ የምታዞር አንዲት ሴት «እንዲህ ያለውን ባል ለእኔ በሰጠኝ» አለችና ሳቁ ወደ ፈታሹ ዞረ።

ጥቅሉን የላከችው ድንበር ማዶ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፣ ለእናቷ። ስትሰጠው ያለችው አንድ ነገር ነው፤ «ከእናቴ እጅ በቀር ሌላ እጅ አይፍታው።» እሱም «እሺ» ብሏል። የተያዘው እንግዲህ በዚያች እሺ ነው።

ሳቁን ሰምቶ የኬላው አለቃ ከቢሮው ወጣ። ለቦታው አዲስ ነው። ሹፌሩ ግን ገና ሲያየው አወቀው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ ሌላ ከተማ ውስጥ፣ ይህ ሰው ያለ ደንብ ልብስ፣ ያለ ኮፍያ መኪናው ዘንድ መጥቶ ነበር። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር፤ ስፌቱ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ የተንጋደደ፣ መርፌ ይዞ የማያውቅ ወንድ በራሱ እጅ የሰፋው መሆኑ ያስታውቃል። «ለእህቴ ነው። ማንም አይየው» ብሎ ለምኖት ሄደ። ሹፌሩ አደረሰለት።

አለቃውም አወቀው። ዓይኑ ከሹፌሩ ፊት ላይ ተነሥቶ መሬት ወደቀ። ሹፌሩ ያኔ ገባው፤ «ይህ ሰው ጥቅሉን አይደለም፣ አፌን ነው የፈራው» አለ በልቡ። አንዲት ቃል ብትወጣው ገመዱ በተፈታ ነበር። «አለቃ፣ የእርስዎንም እንዲሁ ነው ያደረስኩት» ማለት ብቻ ነው። ፈታሾቹ ይሰማሉ፣ ሎሚ ሻጯ ትሰማለች፣ እስከ ማታ መንገዱ ሁሉ ይሰማል። ሹፌሩ ቃሏን ዋጣት። የላኪው ስምም ከአደራው ውስጥ ነው።

«ፍታው» አለ አለቃው፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ።

«ጭነቱን በእጄ ፈትቼ አሳይቻለሁ፤ የመጣሁበት ሥራ እሱ ነው» አለ ሹፌሩ። «ይህ ግን የእኔ አይደለም። የእኔ ባልሆነ ነገር ፈቅጃለሁ ማለት አልችልም። ከጠረጠሩት የዳኛ ወረቀት ያስመጡና በእማኝ ፊት ይከፈት፤ እጄን አላነሳም። እስከዚያ እዚሁ ነኝ።»

«ገመዱን የምፈታው እኔ መሆኔን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም፣ አለቃ። ግን ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ እኔን ያቆመኛል፤ ሌላው እርስዎን ካላቆመ ገመድ አይባልም።»

መኪናውን ከመንገድ አስወጡት። ጥቅሉ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሹፌሩም በቢሮው መስኮት አሻግሮ ቀዩን ክር ማየት የሚችልበት ቦታ መርጦ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

በዚያው ቀን የመኪናው ባለቤት ደወለ። «ክፈትላቸውና ና እንጂ፤ ለአንድ ጨርቅ ነው መኪናዬን የምታስረው?» አለው። «ክር ተቆርጦ አይቀጠልም፣ ጌታዬ» አለ ሹፌሩ። «እስከ ነገ ወዲያ ካልመጣህ መሪውን ለሌላ እሰጣለሁ» አለው። ሹፌሩ ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ። የሚያልፉ ሹፌሮች አንዳንዶቹ ክላክስ እየነፉ «ጀግናው፣ ሐውልትህን እዚሁ እናቁም?» እያሉ ቀለዱበት። ፍርሃት አልያዘውም አልልህም። በዚህ ዕድሜው ሌላ ማን መኪና ይሰጠዋል? በማግሥቱ ማለዳ ግን ሸሚዙን ቀየረ፣ የመኪናውን መስተዋት አጠበ፣ ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። በዚያን ቀን ክላክስ የነፋ የለም። አንዱ ውኃ አስቀመጠለት። ሎሚ ሻጯም ሁለት ሎሚ ትታለት ሄደች።

አለቃውም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ለዳኛው የሚላከውን ቅጽ አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ቀኑን ጻፈ፣ የሰሌዳውን ቁጥር ጻፈ። «የተጠረጠረበት ምክንያት» የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ምክትሉ ከጀርባው ቆሞ «አልፈታም ስላለ ብለው ይጻፉዋ» አለው።

«በሩን ስለዘጋ ሌባ ነው ብዬ ልጻፍ?» አለ አለቃው። ምክትሉን የተቆጣበት ቃል ተመልሶ ለራሱ ተሰማው። ቅጹ በዚያው ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አለቃው ብቻውን ወደ ድንጋዩ መጣ። ሹፌሩ ሊነሣ ሲል በእጁ አስቀመጠውና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ።

«ያን ጊዜ አምስት ቀን ለምን ዘገየህ? እህቴ በጭንቀት ልትሞት ነበር። ሰካራም ነው፣ የትም ሲያድር ነው ብዬ ለስንቱ ሰው አማሁህ።»

ሐሜቱ ሹፌሩ ጆሮ ደርሶ ነበር። ከማን እንደ መጣ ግን ያወቀው አሁን ነው።

«መንገድ ላይ ገመድ ነበረ» አለ።

አለቃው እህቱ በሰው እጅ የላከችለትን ደብዳቤ አስታወሰ። «ዕቃው ዘገየ፣ ስፌቱ ግን አንተ እንደሰፋኸው፣ እንደ ተንጋደደ ነው» ብላ የጻፈችው ነው። አምስት ቀን ሙሉ በአንድ ሌላ ኬላ፣ በአንድ ሌላ ድንጋይ ላይ፣ ይህ ሰው የእሱን የተንጋደደ ስፌት ሲጠብቅ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ደግሞ እዚህ፣ አፉን ከፍቶ ማምለጥ ሲችል፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ወደ ቢሮው ተመለሰ። በሁሉም ፊት ጥቅሉን ሚዛን ላይ አኖረ፣ ክብደቱን መዝገብ ላይ አሰፈረ፣ በመዳፉ ዙሪያውን ዳበሰው። «ጭነቱ ተፈትሿል። በዚህ ላይ የምጽፈው ጥርጣሬ የለኝም» አለ። ከዚያ ጥቅሉን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በሩ ግን ክፍት ነው። አለቃው መወጣጫው አጠገብ ደርሶ ቆመ። እግሩን አላነሣም።

«ቤቶች» አለ።

ፈታሾቹ ተያዩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ጋቢና ደጃፍ «ቤቶች» ያለ ፈታሽ አልነበረም። ሹፌሩ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ።

«ይግቡ» አለ።

«ልገባስ አይደለም። አደራዎን ይዤልዎት መጥቼ ነው» አለ አለቃው፤ ሦስት ቀን ሙሉ «አንተ» ያለውን ሰው። በሁለት እጁ ሰጠው፣ ሹፌሩም በሁለት እጁ ተቀበለው። ገመዱን አለቃው ራሱ ሄዶ ፈታ። ባለቤቱ መሪውን ለሌላ ይስጥ አይስጥ ሹፌሩ ገና አያውቅም ነበር፤ ቢሆንም ያን ቀን የነዳው እንደ ሙሽራ መኪና ነው።

እናትየዋ ስፌቱን በጣቷ ዞረችው አሉ። ከዚያ ቆማ መረቀችው።

ይህን ሁሉ የተናገረው አለቃው ራሱ ነው፤ ጡረታ ሲወጣ፣ በሸኚዎቹ ፊት፣ ያማበትን አፍ ሊያጥብ። ሹፌሩማ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም።

አሁን ዓይንህን አየሁት፣ ደሳለው። ጥቅሉ ውስጥ ምን ነበረ ልትለኝ ነው። ይኸው፤ ደንብ ልብሱን ከለበስክ ግማሽ ቀን አልሞላህም፣ አሁንም ያማረህ የሰው ስፌት ነው። አላውቅም። ባውቅም አልነግርህም።

ንጹሕ ሰው ቢፈተሽ ምን ይጎድልበታል አልከኝ። እኔ ደግሞ ልጠይቅህ፤ ቅድም በሬ ክፍት ሆኖ ሳለ ደጃፍ ላይ ለምን ቆምክ? ሌባ ነች ብለህ ነው? የምትሸሽገው አላት ብለህ? አይደለም፤ ቤቱ የእኔ ስለሆነ ነው። የሹፌርም ጋቢና እንዲሁ ነው፤ ጎማ ስላለው ቤትነቱ አይቀርም። ድንበር አጠገብ ስለቆመም ባለቤቱ ሌባ አይሆንም። ደግሞ የሰው ቦርሳ ውስጥ የራሱ ምስጢር ብቻ አይደለም ያለው፤ የእናቱ፣ የሚስቱ፣ የላከችው ልጅ፣ አንድ ቀንም ያንተ አለበት። ጭነቱን ፈትሽ፤ አገርህ ናት፣ ጠብቃት። ጥርጣሬ ካለህ ጽፈህ ዳኛ ፊት አቅርበው። የምትጽፈው ከሌለህ ግን ገመዱ የሚያቆመው አንተን ነው።

ያ ኩራት የሚሉት ነገር ትክክለኛ ስሙ አደራ ነው። ሹፌሩ ሃያ ሁለት ዓመት ተሸከመው፤ ከዛሬ ጀምሮ አንተም ተሸካሚ ነህ። በል፣ ኮፍያህን አድርግና ሂድ። ነገ ጋቢና ሥር ስትደርስ ብቻ፣ እግርህን ከማንሣትህ በፊት አፍህን ክፈት።