ደሴ ላይ የተሞከረችው ስኩተር

አቶ ሽመክት የሚባሉ የደሴ ባለሀብት በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ስኩተሮች አስመጡና፣ አንዷ በሕዝብ ፊት ትሞከር ብለው ሰው ሰበሰቡ። እንድትነዳላቸው የጠሩት ምላሷ የሚፈራ አንዲት የባጃጅ ሾፌር ነበረች። ሙከራው ካማረ ለሱቃቸው ዕቃ አድራሽ አድርገው ሊቀጥሯት ቃል ገብተውላታል፤ እሷም የምትነዳውን ባጃጅ ባለንብረቱ ከሸጠባት ወዲህ ያለ ሥራ ተቀምጣለች።

ስኩተሯ ድምፅ ሳታሰማ ሽው ብላ ወጣች። ወደ ጦሳ ተራራ የሚወስደው ዳገት አጋማሽ ላይ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች። ሴትዮዋ ወረደችና እየገፋች ዳገቱን ጨረሰች፤ በሌላው መንገድ ዞራ ላቧ እየተንጠፈጠፈ ተመለሰች።

አቶ ሽመክት ፈጠን ብለው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «አንዲት ክፉ ቃል ከአፍሽ ብትወጣ ሥራውን እርሺው» አሏት። እሷ ደግሞ ለመግዛት ከመጡት መሃል ጎረቤቶቿን ስታይ መዋሸቱ አስጠላት።

«በይ ንገሪያቸው» አሉ ጮክ ብለው።

«ምን ክፉ ነገር አላት ብላችሁ» አለች ወደ ሰዉ ዞራ። «ተራ የምታውቅ ናት። ሜዳውን እሷ ወሰደችኝ፣ ዳገቱን እኔ ወሰድኳት።»

ሰዉ ሳቀ። አቶ ሽመክት ፊታቸው ቀላ። «ታዲያ ጥሩ ናት ማለትሽ አይደል?» ብለው አፋጠጧት።

«እጅግ ጥሩ ናት፣ ጋሼ። ለሚገዛት ሰው ፈጣሪ ዳገት የሌለበት ከተማ ይስጠው ብቻ።»

ሳቁ እስኪያባራ አቶ ሽመክት ክፉ ቃል ቢፈልጉባት አጡ፤ ሥራውን ሰጧት።