የደብሪቱ ሰይፍና ወንዝ የጠጣው ዘንዶ

ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

ኧረ ይኼ እራቱን የበላ ልጅ ድምፅ አይደለም። ደግሜ ልጥራችሁ። ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

እንዲያ ነው!

በድሮ ጊዜ፣ በአንድ ቆላ አገር፣ ጓንጉል የሚባል ሰውና ደብሪቱ የምትባል ሚስቱ ይኖሩ ነበር። ጓንጉል ከአባቱ የወረሰው ሰይፍ ነበረው። ሰይፉ ድንጋይ ቢመቱበት አይዶለዱምም። ብረት ቢመቱበት አይታጠፍም። አንድ ጉድለት ግን ነበረበት። በእጀታው ጫፍ ላይ የተሰካችው የናስ ጉልላት ላልታለች። ሰይፉን ባነሡት ቁጥር «ቅጭል! ቅጭል!» ትላለች።

ደብሪቱ፣ «አንተ ሰው፣ ይህችን ጉልላት አጥብቃት እንጂ» ትለዋለች።

ጓንጉል ይስቃል። «የሚቆርጠው ስለቱ ነው፤ ጉልላቷ ምን ትሠራለች?» ይላታል።

አንድ ቀን ከተራራው ሥር ዘንዶ ወጣ። ምን የሚያህል ዘንዶ መሰላችሁ? ራሱ በአንዱ ኮረብታ፣ ጭራው በሌላው ኮረብታ ነበር። ወደ ወንዙ ጎንበስ አለና ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ። ውሃውን ጠጣ። ዓሣውን ጠጣ። በውሃው ላይ ተኝታ የነበረችውን የጨረቃ ምስል እንኳ ጠጣት። ከዚያም በደረቀው አሸዋ ላይ ተጋድሞ ተኛ።

ዘንዶው ዓይን አልነበረውም። የሰው ኮቴ፣ የከብት ኮቴ ግድ አይሰጠውም። የሚፈራው ብረትን ብቻ ነው። ብረት ከብረት ሲነካካ ከኮረብታ ማዶ ይሰማል። በአንገቱ ሥር አንዲት ጥቁር ቅርፊት አለች። ወንዙን በሆዱ ውስጥ ዘግታ የያዘችው እሷ ናት። ሌላውን ገላውን ቢመቱት አይሰማውም። ያችን ቅርፊት የሚቆርጥ ደግሞ የጓንጉል ሰይፍ ብቻ ነው። ይህን የአገሩ ሽማግሌዎች ያውቁ ነበር።

ንጉሡ አንድ ጀግና ላኩ። ጀግናው የጓንጉልን ሰይፍ ይዞ ሄደ። ሰይፉ «ቅጭል!» አለ። ዘንዶው «መጣህ?» አለና ዋጠው። ሰይፉን ግን እንትፍ ብሎ ተፋው።

ንጉሡ ያንኑ ሰይፍ አስይዘው ሁለተኛ ጀግና ላኩ። ሰይፉ «ቅጭል!» አለ። ዘንዶው «መጣህ?» አለና እሱንም ዋጠው። ሰይፉን ተፋው።

በሦስተኛው ጓንጉል፣ «የገዛ ሰይፌን የማውቀው እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ። ደብሪቱ ነጠላውን ይዛ ለመነችው። አልሰማትም። ሄደ። ሰይፉ «ቅጭል!» አለ።

«መጣህ?»

ጓንጉልም ተዋጠ።

ደብሪቱ ሰይፉን ከአሸዋው ላይ አነሣች። እያለቀሰች ወደ ቤቷ ተመለሰች። በመንገድ ላይ ሰው ሁሉ ጓዙን በአህያ ሲጭን አየች። ንጉሡ «ውሃ የለም፤ አገር ለቀን እንሂድ» ብለው አዋጅ አስነግረው ነበርና። እሷም እንባዋን ጠርጋ ወደ ንጉሡ ሄደች።

«ጃንሆይ፣ እስከ ነገ ቀትር ይታገሡኝ» አለች።

«እስከዚያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ጉልላቷን ላጠብቅ።»

ሹማምንቱ ሳቁ። ንጉሡ ግን አልሳቁም፤ ጠምቷቸው ነበር። «ይሁን፣ ሞክሪ» አሏት።

ደብሪቱ ከቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ የሰይፉን ጉልላት በክር ጠመጠመቻት። ነቀነቀችው። «ቅጭል!» አለ። በዚህ ጊዜ ሰይፉ አፍ አውጥቶ፣ «ደብሪቱ፣ ገና እንደላላሁ ነኝ» አላት። ደብሪቱ ደነገጠች፤ ሰይፉን ግን አልጣለችም። ጨርቅ ወተፈችበት። «ቅጭል! ደብሪቱ፣ አሁንም እንደላላሁ ነኝ» አላት።

ያን ጊዜ ቀረብ አድርጋ አየችው። የስለቱ ጭራ በእጀታው ውስጥ አልፎ፣ ጉልላቷን በስቶ፣ በጫፏ ብቅ ብሏል። ጉልላቷ ግን ለጭራው ሰፍታዋለች። «ለካ የሚያስፈልገው ሽብልቅ ነው» አለች።

ከጓሮዋ ወይራ ቅርንጫፍ ልትቆርጥ ስትል አንዲት ግንደ ቆርቁር ወፍ ከላይ ጮኸች።

«እባክሽ ይህን አትቁረጪ፤ ጫጩቶቼ አሉበት!»

ደብሪቱ መጥረቢያዋን አወረደች። «ጫጩቶችሽ ይደጉልሽ። እኔ ሌላ እፈልጋለሁ» አለች።

ወፊቱ ደስ አላት። ከደረቀው ግንድ ላይ በመንቆሯ ቀጭን ስንጥር ፈልቅቃ ጣለችላት። «እንኪ። ስትመቺው ግን ቀስ በይ» አለቻት።

ደብሪቱ ስንጥሩን ሞርዳ ሰም ቀባችው። በጭራውና በጉልላቷ መካከል አስገባችው። ስለቱን በቆዳ ጠቅልላ በሁለት ድንጋይ መካከል አቆመችው። ከዚያም የጭራውን ጫፍ በትንሽ መዶሻ፣ ቀስ እያለች፣ ዙሪያውን ቀጠቀጠችው። ጫፉ ጠፍጠፍ ብሎ ጉልላቷን ያዘ።

ነቀነቀችው። ዝም!

ደግማ ነቀነቀችው። ዝም!

ከስለቱ ላይ እንደ ንጋት ያለ ብርሃን ፈሰሰ። ዛፍ ላይ ያሉ ወፎች ሁሉ ጸጥ አሉ። ሰይፉም በለሆሳስ፣ «አሁን ሙሉ ነኝ» አለ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ደብሪቱ የእግሯን አልቦ አውልቃ ለግንደ ቆርቁሯ ሰጠቻት። «ከወዲያ ማዶ ሆነሽ አንቃጭይልኝ» አለቻት። እሷም ሰይፉን ይዛ በባዶ እግሯ ወደ ወንዙ ወረደች። ሕዝቡ ከኮረብታው ላይ ትንፋሹን ውጦ ያያል።

ደብሪቱ ወደ ዘንዶው ስትቀርብ ተደንቃ ቆመች። የዘንዶው ሆድ እንደ ፋኖስ ያበራል! በቆዳው ውስጥ ወንዙ ሲዞር ይታያል። ዓሦች ይዋኛሉ። የጨረቃዋ ምስል በመካከላቸው ትንሳፈፋለች። ጓንጉልና ሁለቱ ጀግኖችም ዓይናቸውን ከድነው በብርሃኗ ዙሪያ ይንሳፈፋሉ።

ወፊቱ ከማዶ አልቦውን ነቀነቀች። «ቅጭል!»

«መጣህ?» አለ ዘንዶው። አንገቱን ወደ ማዶ አዞረ።

ወፊቱ ራቅ አለች። «ቅጭል!»

«የት ነህ?» አለ። አንገቱን ዘረጋ።

ወፊቱ አሁንም ራቀች። «ቅጭል!»

«አልለቅህም!» ብሎ ዘንዶው አንገቱን እስከ መጨረሻው አሰገገ። ያኔ ጥቁሯ ቅርፊት በደብሪቱ ፊት ብቅ አለች። ደብሪቱ ሰይፉን አነሣች። ሰይፉ ምንም አላለም። አንድ ጊዜ ብቻ መታች።

ቅርፊቷ ወደቀች።

ወንዙ ወጣ! እየጮኸ፣ እየዘለለ ወጣ። ዘንዶው ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ የምድር ትል አከለና ድንጋይ ሥር ገባ። ሁለቱ ጀግኖች እያሳሉ ወደ ዳር ወጡ። ጓንጉልም ወጣ።

«ደብሪቱ! ማን አወጣን? ምን ተደረገ?» አለ።

ደብሪቱ እየሳቀችም እያለቀሰችም እጁን ያዘችው። «ውሃ ጠጣ መጀመሪያ። ወሬው ይደርሳል» አለችው።

በመጨረሻ የጨረቃዋ ምስል ወጣች። በጠራራ ፀሐይ፣ በውሃው ላይ እንደ ብር ሰሃን እየተንከባለለች ወረደች። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው አልነበረም። ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ንጉሡም ከበቅሏቸው ወርደው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጠጡ።

አያችሁ ልጆቼ? ትንሽ የላላ ነገር ስታዩ «ምን ታመጣለች?» አትበሉ። በጊዜው ያላጠበቋት ትንሽ ነገር ትልቁን ጉልበት ከንቱ ታደርጋለች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በውሃ አርሱ።