ሦስት እንስራ ውኃና አንድ ቁልፍ

ተረቴ አንዲት ቁልፍ ናት፤ ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ።

ማንጠግቦሽ፣ ደብሪቱና ዓለሚቱ የሚባሉ ሦስት መበለቶች ነበሩ። ዝምድና የላቸውም፤ ያገናኛቸው ጥጥ መፍተል ነው። ክረምቱ ሲገባ መጠለያ አጡና የእትዬ ብርቅነሽን ባዶ ቤት ሊከራዩ ሄዱ።

«ቁልፉን ብሰጣችሁ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ እትዬ ብርቅነሽ። «ግን ባዳ ከባዳ አንድ ቤት አይኑር የሚል ሕግ አለ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ይቆጡኛል።»

ጭቃ ሹሙ ደግሞ፣ «እኔ ምን ላድርግ? ሕጉ የዳኛው ነው» አሉ።

ዳኛው አይሽሩ፣ ጭቃ ሹሙ አይፈቅዱ፣ እትዬ ብርቅነሽ ቁልፉን አይሰጡ፣ መበለቶቹ ጣሪያ አያገኙ።

ዳኛው፣ «ሕጉን ያወጣሁት አለቃ ጥበቡ ክስ ቢያቀርቡ ነው» አሉ።

አለቃ ክሱን አያነሱ፣ ዳኛው አይሽሩ፣ ጭቃ ሹሙ አይፈቅዱ፣ እትዬ ብርቅነሽ ቁልፉን አይሰጡ፣ መበለቶቹ ጣሪያ አያገኙ።

አለቃ ጥበቡ ዳዊታቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል። «እዚህ ጎረቤቴ፣ በእትዬ ብርቅነሽ ቤት፣ ሦስት ባዳ ነጋዴዎች አንድ አህያ ነበራቸው» አሉ። «አንዱ ‹ያኛው አጠጥቶታል› ሲል፣ ያኛውም እንዲሁ ሲል፣ አህያው በጥም ያናፋል። እኔ መዝሙሩ ይጠፋኝና እንደገና ከ‹ሀ› እጀምራለሁ። ሰዎቹ ተባረሩ፤ አህያው ግን ቀረ፣ ይኸው ያናፋል።»

«ታዲያ አሁን ማን ያጠጣዋል?» አለች ማንጠግቦሽ።

«መንደሩ ሁሉ ዘመድ ነው። አንዱ ሳያጠጣው አይቀርም።»

አህያው ዝም አይል፣ አለቃ ክሱን አያነሱ፣ ዳኛው አይሽሩ፣ ጭቃ ሹሙ አይፈቅዱ፣ እትዬ ብርቅነሽ ቁልፉን አይሰጡ፣ መበለቶቹ ጣሪያ አያገኙ።

ማንጠግቦሽ ወንዝ ወርዳ አንድ እንስራ አመጣች። ደብሪቱም አንድ። ዓለሚቱም አንድ። አህያው ሦስቱንም ጠጣ፤ ሆዱ ተነፋ፣ አፉ ተዘጋ።

አህያው ዝም ቢል አለቃ መቶ ሃምሳውን መዝሙር ሳያቋርጡ ዘለቁት፤ እንባቸው እየወረደ ሮጠው ክሱን አነሱ። ዳኛው ግን ብዕራቸውን እንደያዙ፣ «ዘመድ ሳትሆኑ አህያውን ለማጠጣት እንዴት ተስማማችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ አልተስማማንም፣ ጌታዬ» አለች ማንጠግቦሽ። «ባዳ ስለሆንን አንዳችን ሌላዋን አላመንናትም። ስለዚህ ሦስታችንም አጠጣነው።»

ዳኛው እየሳቁ ሕጉን ሻሩ፣ ጭቃ ሹሙ ፈቀዱ፣ እትዬ ብርቅነሽ ቁልፉን ሰጡ፣ መበለቶቹ ገቡና ዝናቡ ውጭ ቀረ።

ተረቴን መልሱ፤ አህያችሁን ግን ራሳችሁ አጠጡ።