ይታረሙ

አንድ ቦይ የሚያጠጣት አንዲት መንደር ነበረች። ቦዩ ከወንዙ ተጠልፎ ይመጣና በራስጌ ማሳዎች በኩል ገብቶ፣ መሃሉን አቋርጦ፣ ግርጌ ያሉትን የሽንኩርትና የበርበሬ መደቦች አጠጥቶ ያልቃል። ውሃው ለሁሉም በአንዴ ስለማይበቃ በተራ ነው የሚለቀቀው። ተራ የሚያወጣ፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ሰው ሲጣላ የሚገላግል አንድ ሰው አላቸው፤ የውሃ አባት ይሉታል። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከሾላው ሥር ተሰብስበው ይመርጡታል።

አመራረጣቸው ቀላል ነበር። ሁለት ሰዎች ይቀርባሉ፤ ሕዝቡ ከወደደው ሰው ኋላ ይሰለፋል፤ ይቆጠራል፤ አለቀ። ያሸነፈው የውሃ አባት ይሆናል። የተሸነፈው ግን አንገቱን ደፍቶ ቤቱ አይገባም፤ ለዓመቱ ታዛቢ ተብሎ ይሾማል። የውሃ አባቱ ተራ ሲያወጣ አጠገቡ ቆሞ ያያል፤ ያልጣመውን ነገር በሰው ፊት ይናገራል። ይህን ዘዴ ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ትምህርት ቤት እንኳ የሌላት መንደር ናት። ብቻ ለረጅም ዘመን ሳትተላለቅ የኖረችው በዚህ ነው።

ጓንጉል የሚባል ሰው አራት ዓመት በተከታታይ የውሃ አባት ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲጀምር መጥፎ ሰው አልነበረም። ጎርፍ የናደውን ቦይ በአንድ ሳምንት አስገንብቷል፤ ሁለት ቤተሰቦች ጦር ሊማዘዙ ሲሉ መሃል ገብቶ አስታርቋል። አንደበቱም ጣፋጭ ነበር። ሲናገር ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ነገሩ የተበላሸውም በዚያው በሳቁ በኩል ነው።

ደርበው የግርጌ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ ሦስት ጊዜ ተሸንፎ ሦስት ዓመት ታዛቢ ሆኗል። ድምፁ ቀጭን፣ ነገር የሚያበዛ፣ አንዴ የያዘውን የማይለቅ ሰው ነበር፤ እኔም ጎረቤቴ ቢሆን ኖሮ አንዳንዴ መንገድ ቀይሬ የማልፍ ይመስለኛል። የሚለው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ተራው ዘወትር ከራስጌ ከሚጀምር፣ አንድ ዓመት ከራስጌ፣ አንድ ዓመት ከግርጌ ይጀምር። የጓንጉል ማሳ ራስጌ ላይ ነበር። በአራተኛው ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ሲገባ፣ የበጋው ውሃ ያሰጋቸው የመሃል ሰዎችም ደርበውን ቆም ብለው ያዳምጡት ጀመር። ጓንጉል ይህን አየ።

የመንደሩ ጥሩምባ ነፊ እሸቴ ይባላል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፍቶ የሟቹን ስም ይናገራል፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ገበያ መሃል ቆሞ የውሃ አባቱን መልእክት ይለፍፋል። የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ማድረስ ሥራው ነው። በዚህም ይኮራ ነበር፤ እኔ ጉሮሮ ብቻ ነኝ ይላል ሲጠይቁት። የደርበው ሚስት አትጠገብ የእሸቴ ታላቅ እህት ናት።

ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው፣ በአንድ ስብሰባ ላይ ጓንጉል ስለ ደርበውና ስለ ወዳጆቹ ተጠየቀ። «እነሱማ አረም ናቸው» አለ። «ማንም ሳይዘራቸው በቅለው ውሃችንን ይጠጣሉ፤ ደግሞ ውሃ አነሰን ይላሉ።» ሰው ሳቀ። ደርበው ራሱ ፈገግ ብሎ ነበር ይባላል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ያው ቃል ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ የሳቀው ሰው አነሰ፤ ያጨበጨበው ግን በዛ። ከሦስተኛው ስብሰባ በኋላ ደርበውን በስሙ የሚጠራው ሰው ጠፋ። አትጠገብ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ የአረሙ ሚስት መጣች እያሉ ይንሾካሾካሉ። ለወንድሟ ነገረችው። እሸቴም ቀልድ እኮ ነው፣ ምርጫው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል ብሎ አጽናናት። እሷ ግን እንደ ቀልድ አልሰማችውም። ባሏን ተወው ይቅርብህ ብላ ለመነችው፤ ደርበው ደግሞ የያዘውን የማይለቅ ሰው ነው ብያችኋለሁ።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጓንጉል እሸቴን አስጠርቶ መልእክት ሰጠው። ለቅዳሜ ደቦ ተጠርቷል፤ የቦዩ ዳር በአረም ስለተዋጠ ሰው ሁሉ መኮትኮቻውን ይዞ ይውጣ። ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ስለ ደርበው ነበር። ጓንጉል ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ አገጣጥሞ እንዲህ ብለህ ለፍፍ አለው፤ «ቅዳሜ የቦዩ ዳር ይታረማል። ደርበውና ተከታዮቹም ይታረሙ።»

እሸቴ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆም አለ።

«ጋሼ ጓንጉል፣ ይታረሙ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

«ከስህተታቸው ይመለሱ፣ ይመከሩ ማለቴ ነዋ። አማርኛ ጠፋህ እንዴ?»

«እንግዲያውስ ይመከሩ ልበላ።»

ጓንጉል ጥቂት አሰበ። ማሰቡን ልብ በሉልኝ፤ የተናገረው በቁጣ አልነበረም።

«የለም፣ ያልኩህን በል» አለ። «ይመከሩ ቢባል ማን ዘወር ብሎ ይሰማል?»

አስተማሪ ደብተር ያርማል፤ ገበሬ ማሳ ያርማል። ቃሉ አንድ ነው። ያቺ መንደር ግን የገበሬ መንደር ናት። እዚያ ማረም ሲባል ሰው በዓይነ ሕሊናው እስክሪብቶ አያይም፤ መኮትኮቻ ነው የሚታየው። ጓንጉል ይህን አያውቅም ብሎ የሚከራከር ካለ ይከራከር። እኔ ለመከራከር አቅሙ የለኝም።

እሸቴ ገበያ ገብቶ ጥሩምባውን ነፋ። እህቱ ከፊት ለፊቱ በርበሬዋን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ያችን አንዲት ቃል የመለወጥ ሐሳብ እስከ ምላሱ ጫፍ እንደመጣ በኋላ ለብዙ ሰው ተናግሯል። አልለወጣትም። ሳይጨምር ሳይቀንስ ለፈፈ። ገበያተኛው እርስ በርሱ ተያየ። አትጠገብም አንድ መስፈሪያ ሳትሸጥ በርበሬዋን በጆንያ ሰብስባ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቅዳሜ ደቦው ወጣ። ጓንጉል ሌላ ጉዳይ ስላለበት አልተገኘም። ረፋዱ ላይ የቦዩ ዳር ታርሞ አለቀና ጠላ ቀረበ። ሰዎቹ ተቀምጠው ሲጠጡ አንዱ «አንደኛው አልቋል፣ ሁለተኛው ቀረን» አለ። ሁሉም ሳቁ። እያሳሳቁም ሰባት ሰዎች መኮትኮቻቸውን ይዘው ተነሱና ወደ ግርጌ ወረዱ። ሌሎቹ ተቀምጠው ቀሩ፤ ተው ያለ አልነበረም።

መጀመሪያ የደርበውን ሽንኩርት ነቀሉ። ደርበው ከቤቱ ወጥቶ በዚያ በቀጭን ድምፁ ምን አደረግኋችሁ አላቸው። ሚስቱ ከኋላው ክንዱን ይዛ ልትመልሰው ታገለች። እጇን አስለቅቆ ሄዶ ከመደቡ መሃል ቆመ። መኮትኮቻ አጭር ብረት ናት፤ ለመሬት የተሠራች ናት። ከዚህ በላይ አልናገርም። ደርበው ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሞተ።

የሞቱን ጥሩምባ መንፋት የእሸቴ ሥራ ነበርና ነፋ። ስሙን ከነአባቱ ስም፣ የቀብሩን ሰዓት፣ የቤቱን አቅጣጫ ተናገረ። ከስንት ሳምንት በኋላ የደርበውን ስም በአደባባይ የጠራ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሰባቱ ሰዎች ተለፈፈ፣ ሰማን፣ ወጣን አሉ፤ ማን እንደመታው ሲጠየቁ ግን አንዱ ወደ ሌላው አመለከተ። ጓንጉል አለቀሰ፤ እንባው የውሸት አይመስለኝም። እኔ ይመከሩ ማለቴ ነበር፣ እሸቴ ራሱ ምስክሬ ነው አለ። እሸቴም ተጠርቶ አዎ፣ ይመከሩ ማለቴ ነው ብለውኛል ብሎ መሰከረ። ውሸት አልነበረም። የተጠየቀው ሁሉ መልስ ነበረው። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ለሌላ ቀን ቀጠሩት፤ ያም ቀን ሲደርስ ለሌላ ቀን ቀጠሩት።

መስከረም ጠባ። መንደሩ ከሾላው ሥር ተሰበሰበ። ጓንጉል ከተለመደው ቦታ ቆመ፤ ከጎኑ የሚቆም ግን አልነበረም። የሚወዳደር ካለ ይቅረብ ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠየቀ። ሦስቱንም ጊዜ ሰው መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ሁሉም ከጓንጉል ኋላ ተሰለፈ፤ ሰልፉም ረጅም ስለነበር ለመቁጠር የደከመ የለም። የተሸነፈ ስላልነበረ በዚያ ዓመት ታዛቢም አልነበረም።

በዚያ በጋ ውሃው ግርጌ አልደረሰም። እየቆየም መሃል ላይ ያልቅ ጀመር። የራስጌ ሰዎች ከተራቸው በላይ እንደሚያጠጡ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተናገረም። የሚናገር ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያውቃሉ፣ የተጠራው ምን እንደሚሆንም አይተዋል። ጓንጉልን እንዴት ነው ሲሉት ተራው ደህና ነው ይላል። የሚያምነውም ይመስለኛል። ደህና አይደለም ብሎ የሚነግረው ሰው አጠገቡ አልነበረማ።

አትጠገብ እስከ ግንቦት ቆየች። መደቧ ሲደርቅ ወደ አባቷ ወገኖች አገር ልትሄድ ተነሳች። እሸቴ ሊሸኛት መጣ። ዕቃውን አህያዋ ላይ አብረው ጫኑ። መጫኛውን ስታጠብቅ፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችው።

«እሸቴ፣ አንድ ነገር ንገረኝና ልሂድ። ያን ሐሙስ ይመከሩ ብትል ኖሮ ምን ያደርጉህ ነበር?»

እሸቴ የመጫኛውን ጫፍ ያዘላት።

«ጥሩምባውን ይወስዱብኝ ነበር፣ እትዬ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ባሏ የሞተው ለአንድ ጥሩምባ መሆኑን ከገዛ ወንድሟ አፍ ሰማችና፣ ደህና ሁን ብላው አህያዋን ነድታ ሄደች።

ማግሥቱ ሐሙስ ነበር። እሸቴ ጥሩምባውን ወስዶ ለጓንጉል አስረከበ። ጓንጉል ለምን ብሎ አልጠየቀውም። ገበያው ሳይፈታ ሌላ ጥሩምባ ነፊ ተገኘ፤ ድምፁም ከእሸቴ ይልቅ ርቆ ይሰማ ነበር።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው፤ እኔን የሚያደክመኝም ግልጽ መሆኑ ነው። መሪ ተቃዋሚውን በሰው ስም መጥራት ከተወ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን በገዛ እጁ መሥራት አያስፈልገውም። የሚሠሩለት ሞልተዋል። ከተሠራ በኋላም እንዲያ ማለቴ አልነበረም ይላል፤ ቃሉ ሁለት ትርጉም ስላለው ማንም አይረታውም። የተሸነፈ ሰው በሕይወት ኖሮ፣ አጠገብ ቆሞ፣ ተሳስተሃል ማለት ካልቻለ ሰልፉ ምንም ቢረዝም ምርጫ አይባልም። ደግሞም ጓንጉል አንድ ሰው ነው። የሳቅነው፣ ያጨበጨብነው፣ ጠላ ይዘን የተቀመጥነው፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ ያቀበልነው ግን ብዙ ነን።

እስቲ እናንተም አስቡት። በዚህ ሰሞን ከትልቅ ሰው አፍ የወጣ አንድ ክፉ ቃል ሰምታችሁ ለሌላ አቀብላችኋል? ከማቀበላችሁ በፊት ምን ማለቱ ነው ብላችሁ ጠይቃችሁ ይሆናል። እሸቴም እኮ ጠይቆ ነበር። ከጠየቃችሁ በኋላስ ምን አደረጋችሁ?